ማርኪስ ደ ኮንዶርሴና የድምፅ ቆጠራ ችግር

ጉባኤ ተሰብስቦ ሊቀ መንበር በሚመርጥበት ጊዜ ሦስት ሰዎች ይጠቆማሉ፤ አባሎች ለየአንዳንዳቸው እጃቸውን ያወጣሉ፤ ቆጣሪው ይቆጥራል፤ ብዙ እጅ የወጣለት ሰው ተመረጠ ይባላል፤ ጭብጨባም ይከተላል። ይህን ሥርዓት ሁላችንም ከትምህርት ቤት የክፍል አለቃ ምርጫ ጀምሮ ስለምናውቀው አንዳች ጥያቄ የሚያስነሣ ነገር ያለበት አይመስለንም። ይሁን እንጂ ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አባል የነበሩ ሁለት ሰዎች፣ በዚህ ዓይነቱ ቆጠራ ከሁሉ ይልቅ የተጠላው ሰው ሊመረጥ እንደሚችል በቁጥር አሳይተዋል። ከሁለቱ አንደኛው ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ተከትሎ ሄደና ይበልጥ የሚያስደነግጥ ነገር አገኘ። ይህ ሰው ማርኪስ ደ ኮንዶርሴ ነው።

የመጽሔቱ አዘጋጆች ስለ ልዩ ልዩ የድምፅ አሰጣጥ ዘዴዎች ጥቅምና ጉዳት እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ዘዴዎቹን በየተራ ከመዘርዘር ይልቅ የዚህን ሰው ሕይወት መተረክ የተሻለ ሆኖ ታየኝ። እርሱ ዘዴዎቹን በወረቀት ላይ በመመርመር ብቻ አልተወሰነም፤ በሕዝብ ጉባኤ ውስጥ ተቀምጦ ድምፅ የሰጠ፣ ለአገሩ የምርጫ ሕግ ያረቀቀ፣ በመጨረሻም በዚያው ጉባኤ ድምፅ እንዲያዝ የተወሰነበት ሰው ነውና። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙሉ ስሙ ማሪ ዣን አንትዋን ኒኮላ ደ ካሪታ ሲሆን፣ የተወለደው መስከረም 17 ቀን 1743 በሰሜን ፈረንሳይ በምትገኘው በሪብሞን ከተማ ነው። አባቱ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ነበረ፤ ሕፃኑ ገና የጥቂት ሳምንታት ዕድሜ ሳለ ሞተ። እናቱ እጅግ መንፈሳዊት ነበረችና ልጅዋን ለእመቤታችን ስእለት ሰጥታ፣ እስከ ስምንት ዓመቱ ድረስ የሴት ልጅ ነጭ ልብስ እያለበሰች አሳደገችው። ከዚያ በኋላ በሬምስ ከተማ የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ገባ፤ ቀጥሎም በፓሪስ የናቫር ኮሌጅ ተማረ። ዘመዶቹ እንደ አባቱ ወታደር እንዲሆን ቢመኙም እርሱ ግን ሒሳብን መረጠ። በ1765 ስለ ኢንተግራል ካልኩለስ ያሳተመው ድርሰት በታላቁ ሊቅ በዳላምቤር ዘንድ አስመሰገነው፤ በ1769፣ በ25 ዓመት ዕድሜው፣ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ፤ በ1776ም የአካዳሚው ዋና ጸሐፊ ተባለ። የዚህ ጸሐፊ አንዱ ሥራ የሞቱ አባሎችን የሕይወት ታሪክ መጻፍ ነበረ። ኮንዶርሴ በዚህ ረገድ ለእኛ ለዓመታዊ መጽሔት ጸሐፊዎች የሥራ ባልደረባ ነው ለማለት ይቻላል።

በ1774 ወዳጁ ቱርጎ የገንዘብ ሚኒስትር በሆነ ጊዜ ኮንዶርሴን የመንግሥት ገንዘብ ማተሚያ ቤት ዋና ተቆጣጣሪ አድርጎ ሾመው። ቱርጎ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይቆይ ከሥልጣን ወረደ፤ የጀመረው የአስተዳደር ማሻሻያም አብሮ ፈረሰ። ኮንዶርሴ ግን ከዚያ ዘመን አንድ ጥያቄ ይዞ ቀረ። ሰዎች ተሰብስበው በድምፅ ብልጫ የሚወስኑት ውሳኔ እውነተኛና ትክክለኛ ነው ብለን የምናምነው በምን ምክንያት ነው? የሚል ነው ጥያቄው።

በዚህ ነገር ላይ ቀድሞት ያሰበ ሰው በአካዳሚው ውስጥ ነበረ። ዣን ሻርል ደ ቦርዳ ይባላል፤ የባሕር ኃይል መኮንንና የመለኪያ መሣሪያዎች አዋቂ ነው። ቦርዳ በ1770 ለአካዳሚው ባነበበው ጽሑፍ የሚከተለውን ምሳሌ አቀረበ። እኔ ለተመራጮቹ ኮንዶርሴ ራሱ በሌላ ቦታ የተጠቀመባቸውን ስሞች ሰጥቻቸዋለሁ፤ ጴጥሮስ፣ ጳውሎስና ያዕቆብ እንበላቸው። መራጮቹ 21 ናቸው። አንዱ መራጭ ጴጥሮስን አንደኛ፣ ጳውሎስን ሁለተኛ፣ ያዕቆብን ሦስተኛ ያደርጋል። ሰባቱ ጴጥሮስን፣ ቀጥሎ ያዕቆብን፣ በመጨረሻ ጳውሎስን ይመርጣሉ። ሌሎቹ ሰባት ጳውሎስን፣ ያዕቆብን፣ ጴጥሮስን በዚህ ቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ። የቀሩት ስድስት ደግሞ ያዕቆብን፣ ጳውሎስን፣ ጴጥሮስን ይላሉ። በእኛ ልማድ እጅ ቢያወጡ ጴጥሮስ 8፣ ጳውሎስ 7፣ ያዕቆብ 6 ያገኛሉ፤ ጴጥሮስም ተመራጭ ይሆናል። ነገር ግን ከ21ዱ 13ቱ ጴጥሮስን የመጨረሻ አድርገውታል! ከጳውሎስ ጋር ብቻ ቢወዳደር 13 ለ8 ይሸነፋል፤ ከያዕቆብም ጋር ቢሆን እንዲሁ 13 ለ8 ይሸነፋል። የእርሱን ተቃዋሚዎች የጎዳቸው ለሁለት መከፈላቸው ብቻ ነው።

ቦርዳ ለዚህ ያቀረበው መድኃኒት ነጥብ መስጠት ነበረ። እያንዳንዱ መራጭ ተወዳዳሪዎቹን በተርታ ያስቀምጣል፤ አንደኛው 2፣ ሁለተኛው 1፣ የመጨረሻው ባዶ ያገኛል፤ ነጥቡም ይደመራል። በምሳሌው ያዕቆብ 26፣ ጳውሎስ 21፣ ጴጥሮስ 16 ይሆናሉ፤ አንደኛ የነበረው የመጨረሻ፣ የመጨረሻ የነበረውም አንደኛ ይሆናል። የመራጮቹ አሳብ አንድ ፊደል አልተለወጠም፤ የተለወጠው አቆጣጠሩ ብቻ ነው።

ኮንዶርሴ በቦርዳ ምርመራ ተስማምቶ በመድኃኒቱ ግን አልተስማማም። ጉድለቱን ለማሳየት እርሱ ራሱ ሌላ ምሳሌ ሠራ። በዚህኛው መራጮቹ 81 ናቸው። 30ዎቹ ጴጥሮስን፣ ጳውሎስን፣ ያዕቆብን፤ 1 ጴጥሮስን፣ ያዕቆብን፣ ጳውሎስን፤ 29ኙ ጳውሎስን፣ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብን፤ 10ሩ ጳውሎስን፣ ያዕቆብን፣ ጴጥሮስን፤ ሌሎች 10 ያዕቆብን፣ ጴጥሮስን፣ ጳውሎስን፤ የቀረው 1 ደግሞ ያዕቆብን፣ ጳውሎስን፣ ጴጥሮስን በዚህ ተራ ያስቀምጣሉ። ጴጥሮስና ጳውሎስ ፊት ለፊት ቢገጥሙ ጴጥሮስ 41 ለ40 ያሸንፋል፤ ያዕቆብንም 60 ለ21 ይረታል። በቦርዳ ነጥብ ግን ጳውሎስ 109፣ ጴጥሮስ 101 ያገኛሉ። ጳውሎስ ሊያሸንፍ የቻለው፣ ለማሸነፍ ምንም ተስፋ የሌለው ያዕቆብ ከመካከል በመግባቱና አንዳንድ መራጮች ጴጥሮስን ከያዕቆብ በታች በማስቀመጣቸው ነው። ስለ ጴጥሮስና ስለ ጳውሎስ በሚነሣው ክርክር ውስጥ ያዕቆብ ምን አገባው? ብሎ ኮንዶርሴ ጠየቀ። ሌላም አደጋ አለበት። ተንኰለኛ መራጭ የሚፈራውን ብርቱ ተወዳዳሪ ሆን ብሎ የመጨረሻ ሊያደርገው ይችላል። ቦርዳ ይህ ስሕተት ሲነገረው፣ የእርሱ ዘዴ የታሰበው ለቅን ሰዎች ብቻ እንደ ሆነ መለሰ ይባላል። በየትኛው ጉባኤ ቅን ሰዎች ብቻ እንደሚሰበሰቡ ግን አልተናገረም።

የኮንዶርሴ የራሱ ዘዴ እያንዳንዱን ተወዳዳሪ ከእያንዳንዱ ጋር ለየብቻ ማጋጠም ነው። ሁሉንም በየተራ በድምፅ ብልጫ የሚረታ ሰው ካለ፣ ያ ሰው መመረጥ አለበት። ይህ ከሁሉም የቀናው መንገድ ይመስላል። በ1785 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፉ ውስጥ ግን፣ መንገዱ ገደል እንዳለበት ራሱ አሳየ። 60 መራጮች አሉ እንበል። 23ቱ ጴጥሮስን፣ ጳውሎስን፣ ያዕቆብን፤ 17ቱ ጳውሎስን፣ ያዕቆብን፣ ጴጥሮስን፤ 2ቱ ጳውሎስን፣ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብን፤ 10ሩ ያዕቆብን፣ ጴጥሮስን፣ ጳውሎስን፤ 8ቱ ያዕቆብን፣ ጳውሎስን፣ ጴጥሮስን ይላሉ። ጴጥሮስ ጳውሎስን 33 ለ27 ያሸንፋል። ጳውሎስ ያዕቆብን 42 ለ18 ያሸንፋል። እንግዲህ ጴጥሮስ ያዕቆብን ማሸነፍ አለበት ብለን ስንጠብቅ፣ ያዕቆብ ጴጥሮስን 35 ለ25 ያሸንፈዋል። እያንዳንዱ መራጭ ለብቻው ሲታይ አሳቡ የተስተካከለ ነው፤ ጉባኤው በጠቅላላው ሲታይ ግን ራሱን የሚቃረን፣ በክብ የሚዞር ፍጡር ሆኖ ተገኘ። ኮንዶርሴ በዚህ ጊዜ ከሦስቱ ውጤቶች ብልጫው አነስተኛ የሆነውን፣ ማለትም 33 ለ27 የሚለውን፣ መተው ይሻላል ብሎ መከረ፤ በዚህም ጳውሎስ ይመረጣል። ተወዳዳሪዎቹ ከሦስት ሲበልጡ ግን የሰጠው መመሪያ ግልጽ ስላልሆነ እስከ ዘመናችን ድረስ ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሯል።

በዚሁ መጽሐፍ ሌላ ትልቅ ነገር አለ። እያንዳንዱ ዳኛ ከ100 ጊዜ 60 ጊዜ እውነቱን የሚያገኝ ቢሆን፣ ሦስት ዳኞች በድምፅ ብልጫ ሲፈርዱ 65 ጊዜ ያህል፣ አምስት ሲሆኑ 68 ጊዜ ያህል ያገኙታል፤ ቁጥራቸው በበዛ መጠንም ወደ እርግጠኛነት ይቀርባሉ። ለብዙኃን ውሳኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ነገር ግን ስሌቱ በሁለት ወገን የተሳለ ነው። እያንዳንዱ እውነቱን የሚያገኘው 40 ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ሦስቱ 35፣ አምስቱ 32 ጊዜ ያህል ብቻ ያገኙታል፤ ያልተማረና የተታለለ ሕዝብ በበዛ ቁጥር ስሕተቱም እየጸና ይሄዳል ማለት ነው። ኮንዶርሴ ቀሪ ዘመኑን ስለ ሕዝብ ትምህርት እንዲደክም ያደረገው ይህ ስሌት ይመስለኛል። የሞት ቅጣትንም የተቃወመው በዚሁ ምክንያት ነበረ፤ በዳኞች ስሕተት የሚሞት ሰው ጨርሶ እንዳይኖር ማድረግ አይቻልምና።

መጽሐፉ ግን አንባቢ አላገኘም። መግቢያው ብቻ ወደ 200 ገጽ ይጠጋል፤ ስሌቱም ውስብስብ ነው። በ1865 የፕሮባቢሊቲን ታሪክ የጻፈው እንግሊዛዊው አይዛክ ቶድሃንተር በአጻጻፉ ጨለማነት አምርሮ አጉረምርሟል። አካዳሚውም ለራሱ የአባሎች ምርጫ የተቀበለው ቀላሉን የቦርዳን ዘዴ ነው። ሁለቱ ሰዎች ግን በዚህ ምክንያት አብሮ መሥራትን አልተዉም፤ በ1791 ለሜትር የመለኪያ ሥርዓት መሠረት የጣለውን ሐሳብ ከላግራንዥ፣ ከላፕላስና ከሞንዥ ጋር ፈርመው ያቀረቡት እነርሱ ናቸው።

የድምፅን ጠባይ የሚያውቀው በቁጥር ብቻ አልነበረም። በ1782 ለፈረንሳይ አካዳሚ አባልነት ከሥነ ፈለክ ሊቁ ከባይዪ ጋር ተወዳድሮ በ16 ድምፅ ለ15 አሸንፏል። በ1786 ሶፊ ደ ግሩሺን አገባ፤ እርሷም ብልህና የተማረች ሴት ነበረች፤ ቤታቸው የአውሮፓና የአሜሪካ ሊቃውንት መሰብሰቢያ ሆነ። በ1781 በብዕር ስም የባርነትን ግፍ የሚቃወም መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በ1790 ደግሞ ሴቶች የዜግነት መብት፣ የመምረጥም መብት ጭምር እንዲኖራቸው የሚጠይቅ ጽሑፍ አወጣ። ለአብዮቱ ጓደኞቹ ይህ ቀልድ መስሎ ሳይታያቸው አልቀረም፤ ፈረንሳዊት ሴት የመምረጥ መብት በሕግ ያገኘችው በ1944 ነውና።

አብዮቱ በ1789 በፈነዳ ጊዜ ኮንዶርሴ 46 ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። በ1791 ለሕግ አውጪው ጉባኤ ተመረጠ። የሕዝብ ትምህርት ዕቅዱን በሚያዝያ 1792 ለጉባኤው ማንበብ በጀመረበት ቀን ንጉሡ መጥቶ በኦስትሪያ ላይ ጦርነት እንዲታወጅ ጠየቀ፤ ጉባኤውም ንባቡን አቋርጦ ጦርነት አወጀ። ድምፁ ደካማ፣ ጠባዩ ዓይን አፋር ነበረ፤ ሲናገር አይሰማም፤ ሲሰማም አሰልቺ ነው ይሉታል። እንደ ዳንቶን የሚያገሣ አንደበት በነገሠበት አዳራሽ ውስጥ ይህ ቀላል ጉድለት አልነበረም።

በጥር 1793 ኮንቬንሲዮን የተባለው አዲሱ ጉባኤ በንጉሥ ሉዊ 16ኛ ላይ ፈረደ። ስለ ድምፅ አሰጣጥ የሚያጠና ሰው የዚህን ፍርድ አቆጣጠር ደጋግሞ ቢመለከት ይጠቀማል። ቅጣቱን በሚመለከተው ጥያቄ 721 እንደራሴዎች እየተጠሩ ወደ መድረኩ እየወጡ ድምፅ ሰጡ፤ ለብልጫ የሚያስፈልገው 361 ነበረ። ያለ አንዳች ቅድመ ሁኔታ ሞት ያሉት ልክ 361 ሆኑ፤ አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተረፈ። 26ቱ ሞት ብለው፣ አፈጻጸሙ መዘግየት ይገባው እንደ ሆነ ጉባኤው እንዲመረምር ጠየቁ። 46ቱ ሞት ይሁን፣ ነገር ግን ይቆይ አሉ። 286ቱ እስራት ወይም ስደት፣ 2ቱ የሰንሰለት እስራት አሉ። በመጨረሻ 26ቱ ከሞት ወገን፣ 46ቱ ከተቃራኒው ወገን ተደምረው 387 ለ334 ተባለ። አምስት ዓይነት አሳብ ወደ ሁለት ክምር ሲወርድ፣ የትኛው በየትኛው ክምር እንደሚገባ የሚወስነው ቆጣሪው ነው። ኮንዶርሴ ንጉሡ ጥፋተኛ ነው ብሎ ድምፅ ሰጠ፤ ስለ ቅጣቱ ግን ከሞት በመለስ ያለው ከባዱ ቅጣት እንዲፈጸምበት ፈረደ።

በሚቀጥለው ወር፣ በየካቲት 1793፣ አብዛኛውን እርሱ ያረቀቀው ሕገ መንግሥት ለጉባኤው ቀረበ። አንባቢ እዚህ ላይ የሊቁ ዘዴ በሥራ ላይ ዋለ ብሎ ይጠብቅ ይሆናል፤ አልዋለም። አሥር ተወዳዳሪዎች ቢኖሩ 45 ግጥሚያ መቁጠር ያስፈልጋል፤ በሚሊዮን ለሚቆጠር ሕዝብ፣ አብዛኛውም ማንበብና መጻፍ ለማይችል፣ ይህን ማዘዝ ከንቱ መሆኑን ኮንዶርሴ ተረዳ። ስለዚህ ቀለል ያለ ዘዴ አመጣ። በመጀመሪያው ዙር ሕዝቡ ይጠቁማል፤ ለአንድ ቦታ ብዙ ድምፅ ያገኙ ሦስት ሰዎች ተለይተው ይቀርባሉ። በሁለተኛው ዙር መራጩ ሁለት ዓምድ ባለው ወረቀት ላይ በመጀመሪያው ዓምድ የሚመርጠውን፣ በሁለተኛው ዓምድ ምትኩን ይጽፋል። በመጀመሪያው ዓምድ ከግማሽ በላይ ያገኘ ይመረጣል፤ እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ የሁለቱ ዓምዶች ድምፅ ይደመራል።

ይህን ዘዴ ከላይ በተመለከቱት ምሳሌዎች ላይ ሞከርሁት። በቦርዳ 21 መራጮች ላይ ደኅና ይሠራል፤ ያዕቆብ 20፣ ጳውሎስ 14፣ ጴጥሮስ 8 ያገኛሉ፤ የተጠላው ጴጥሮስ ይወድቃል። በራሱ በኮንዶርሴ 81 መራጮች ላይ ግን ጴጥሮስና ጳውሎስ እኩል 70 ለ70 ይሆናሉ፤ ቦርዳን የነቀፈበት ምሳሌ እርሱንም መልሶ ይነቅፈዋል። ምትኩን ከልብ የሚጽፍ መራጭ የራሱን አንደኛ ሊጥል ስለሚችልም፣ ብልጥ መራጭ ተስፋ የሌለውን ሰው በሁለተኛው ዓምድ ይጽፋል። የጄኔቭ ሪፐብሊክ ዘዴውን ወስዳ ሥራ ላይ አዋለችው፤ የአገሩ የሒሳብ ሊቅ ሲሞን ልዊሊዬም ወዲያው በ1794 ጉድለቱን የሚያስረዳ ጽሑፍ አሳተመ። ይህ ሁሉ ኮንዶርሴን አያሳንሰውም ባይ ነኝ። ፍጹሙን ዘዴ ትቶ ሕዝቡ ሊሠራበት የሚችለውን መምረጡ ከሊቃውንት ብዙ ጊዜ የማይገኝ ጥበብ ነው።

ጉባኤው ረቂቁን ጣለው። በሰኔ ወር የጂሮንድ ወገን መሪዎች ከተያዙ በኋላ ያኮቢኖቹ የራሳቸውን ሕገ መንግሥት በጥቂት ቀናት ውስጥ አጸደቁ። ዝም ማለት ያልሆነለት ኮንዶርሴ ሕዝቡ እንዳይቀበለው የሚመክር ጽሑፍ አወጣ። ሐምሌ 8 ቀን 1793 እንዲያዝ ተወሰነበት።

ያስጠጋችው ማዳም ቬርኔ የምትባል፣ ተማሪዎችን በኪራይ የምታሳድር የቅርጽ ሠሪ መበለት ነበረች፤ ቤቷም ዛሬ የሴርቫንዶኒ ጎዳና በሚባለው ሥፍራ ነበረ። ሊያስጠጉት የመጡትን ወዳጆቹን የጠየቀቻቸው ሰውየው ደግ መሆኑን ብቻ ነው ይባላል። እዚያው ቤት ማርኮ የሚባል የኮንቬንሲዮን እንደራሴ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ኮንዶርሴን አወቀው፤ ግን አላሳበቀበትም፤ እንዲያውም ወሬ ያመጣለት ነበረ። በጉባኤ ውስጥ ከብዙኃኑ ጋር የሚቀመጥ ሰው ከጉባኤው ውጪ ለብቻው ምን ሊሆን እንደሚችል ይህ ያሳያል። ሶፊ ሀብታቸው ስለ ተወረሰ የሰዎችን መልክ በትንንሽ ሥዕል እየሣለች ሴት ልጃቸውን ታሳድግ ነበር፤ ሰው እንዳይለያት እየተጠነቀቀች ትጠይቀው ነበር። የልጂቱ ቅርስ እንዲተርፍ ብለው ፍቺ ጠየቀች።

በዚህ ቤት ስምንት ወር ያህል ተሸሽጎ ሳለ፣ የሰው ልጅ አእምሮ ከድንቁርና ወደ ዕውቀት ያደረገውን ጉዞ የሚተርከውን ታላቅ መጽሐፉን ጻፈ። በሞት ጥላ ሥር ተቀምጦ የሰው ልጅ ወደፊት ይሻሻላል ብሎ መጻፍ ምን ዓይነት ልብ እንደሚጠይቅ አንባቢ ይገምት። የተፈረደበትን ሰው ያስጠጋ ይሞታል የሚል ሕግ ስለ ወጣ፣ በእርሱ ምክንያት ማዳም ቬርኔ እንዳትጠፋ ፈራ። ልትለቀው አልፈቀደችም፤ መጋቢት 25 ቀን 1794 ዓይኗን ጠብቆ ወጣ። ፎንትኔ ኦ ሮዝ በሚባል ሥፍራ የሚኖሩት የድሮ ወዳጆቹ ሱአርና ሚስቱ አላሳደሩትም። ሁለት ቀን በሜዳ ሲንከራተት ሰነበተና ክላማር በምትባል መንደር ከአንድ ምግብ ቤት ገባ። እንቁላል እንዲጠበስለት አዘዘ፤ ስንት እንቁላል? ቢሉት አሥራ ሁለት አለ እየተባለ ይተረካል፤ እውነት ይሁን ተረት ግን መኳንንት ወጥ ቤት እንደማይገቡ ሁሉም ያውቃል። በሐሰት ስም ራሱን ቢያስተዋውቅም ተጠራጥረው ያዙት፤ ቡር ላ ሬን ወደሚገኘው እስር ቤት ወሰዱት። መጋቢት 29 ቀን ሞቶ ተገኘ። መርዝ ጠጥቶ ይሁን ወይስ ድካሙ ገድሎት፣ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

የምርጫ ስሌቱ ለረጅም ዘመን ተረሳ። ሉዊስ ካሮል በሚል የብዕር ስም የልጆች ተረት የጻፈው የኦክስፎርዱ መምህር ቻርልስ ዶድሰን በ1870ዎቹ በክብ የሚዞረውን ውጤት ለብቻው እንደ ገና አገኘው። በ1951 ኬኔት አሮው፣ ተወዳዳሪዎች ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ጥቂት ተገቢ ሁኔታዎችን ሁሉ በአንድነት የሚያሟላ የተርታ ድምፅ አሰጣጥ፣ አንድ አምባገነን ካልተሾመ በቀር፣ ሊኖር እንደማይችል አረጋገጠ። በ1958 ደግሞ እስኮትላንዳዊው ዳንከን ብላክ በመጽሐፉ ለኮንዶርሴ የሚገባውን ስፍራ መለሰለት።

በ1989 የአብዮቱ ሁለት መቶኛ ዓመት ሲከበር የኮንዶርሴ ስም በፓሪስ ፓንቴዮን ገባ፤ አስከሬኑ ግን የተቀበረበት መቃብር ስለ ጠፋ ሊገኝ አልቻለም። ከዚህ ክብር በፊት የቀደመ አንድ ሌላ አለ። በ1795 የሽብሩ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ ያ እንዲያዝ የወሰነበት ኮንቬንሲዮን እንደ ገና ድምፅ ሰጥቶ፣ በተሸሸገበት ቤት ከጻፈው መጽሐፍ 3000 ቅጂ በመንግሥት ወጪ ተገዝቶ እንዲታደል ወሰነ።